«ወጌሻዋ አለች?»

አባቴ ወጌሻ ነበር፤ የአባቴም አባት እንዲሁ። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ግቢያችን፣ ሰው ተደግፎ ገብቶ በእግሩ የሚወጣበት ግቢ ነው ይባልለት ነበር። አባቴ ሲሞት ሥራው ወደ እኔ ተላለፈ። ወለምታ፣ ውልቃት፣ የወገብ ቅጭት፣ ያልዞር ያለ አንገት፣ ሁሉንም አያለሁ። ሰው ብቻ ሳይሆን በሬም፣ አህያም፣ ላምም ይመጣልኛል። አንዳንዴ ከቆላ የሚወጡ የግመል ነጋዴዎችም ጎራ ይላሉ። አባቴ ሲያስተምረኝ ከከብት ነበር የጀመረኝ። «ሰው ያመመውን ቦታ በጣቱ ያሳይሃል፤ በሬ ግን ዝም ነው። የዝምተኛውን ህመም በእጅህ ፈልገህ ካገኘህ የተናጋሪው አያቅትህም» ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ የወልድያ ልጅ ናት። በተጋባንባቸው ስምንት ዓመታት ቅቤውን የምታቀልጥልኝ፣ የሰሊጥ ዘይቱን የምታሞቅልኝ፣ የምጠቀልልበትን ጨርቅ አጥባ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። ከብት ሲመጣ ቀንዱን ይዛ ትቆምልኛለች። «እስኪ አንቺም ሞክሪው» ብያት አላውቅም። እሷም «ልሞክር» ብላኝ አታውቅም። ነገሩ በዚሁ የተደላደለ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደርሶ ወልድያ ተያዘች ተባለ። የተኩሱ ድምፅ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ቀን እየቀረበን መጣ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ውጣ እየተባባለ ነበር፤ በጉልበቱ ያለ ወንድ ከተገኘ አይተርፍም የሚል ወሬ በየቤቱ ገብቷል። እናቴ ጉልበቷ ስለማይታጠፍላት ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም፤ «ከብቶቼን ጥዬስ የት እሄዳለሁ?» ብላ እንቢ አለች። ትንሿ ልጃችን ገና ጡት አልጣለችም።

ባለቤቴ፣ «እኔ ከእማማ ጋር እቀራለሁ፤ አንተ ሂድ» አለችኝ።

«እናንተን ጥዬ?»

«የሚፈለገው ወንድ ነው። እዚህ ሆነህ እኛንም እንዳታስፈጀን። ሂድ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

ከጎረቤት ወንዶች ጋር በእግሬ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ደሴ ላይ ያረፍነው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ እግሩ ተላልጦ፣ ወገቡ ተቆርጦ ነበር የገባው። እኔ ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ ማሸት ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ሲነሳ አንዱ ይተኛል። «የመርሳው ወጌሻ የታል?» እየተባለ ከሌላ መጠለያ ሳይቀር ይመጡ ነበር። ቤተሰቤን ጥዬ የመጣሁ ስደተኛ ነኝ፤ በዚያ ላይ ምግቡ አይበቃም፣ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ቢሆንም ልዋሽ አልፈልግም፣ በዚያ ሰልፍ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር እንኳ አብሮኝ ተሰዷል እል ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እህል ነጋዴ በተራራ ለተራራ አድርጎ ከመርሳ መጣ። በመልክ እንተዋወቃለን። ገና ሰላም ሳይለኝ አቀፈኝ።

«ቤተሰብህ ደህና ናቸው፤ እናትህም፣ ልጅህም፣ ባለቤትህም። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

«ወላሂ የእናንተ ቤት ወጌሻ ባታሸኝ ኖሮ እዚህም አልደርስም ነበር። ወገቤ ተቆርጦ እየዳኸሁ ነበር የገባሁት።»

«የእኛ ቤት ወጌሻ ማነው? ወጌሻውማ እኔ ነኝ» አልኩት፤ የቀለደ መስሎኝ።

«ሚስትህ ናታ! አልሰማህም እንዴ? ከግራና ሳይቀር በሬ እየነዱ ይመጡላታል እኮ። ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጣት ጃል!»

ደህና ናቸው ሲለኝ የወጣው እንባዬ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ። በሕይወት መኖሯን የነገረኝን ሰው አንቄ መያዝ አማረኝ። «ምን ዓይነት እጅ ነው» ያላት ነገር ሌላውን ወሬ ሁሉ ጋረደብኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት በር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ራሴን አሞኛል ብዬ መለስኳቸው።

ደሴም አልቀረላትም፤ ተያዘች። እኛም ወደ ደብረ ብርሃን ተሻገርን። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። መርሳ ስወርድ ሰው እየተቃቀፈ ይላቀስ ነበር። ከዚያ እስከ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

አጥራችን ጥግ አንድ ወጣት ገበሬ አህያውን ይዞ ቆሟል። የአህያዋ ግራ ትከሻ አብጧል። እኔን አይቶ መሰለኝ የቆመው፤ ሰላም ብዬው ወዲያው ወደ አህያዋ እጄን ዘረጋሁ።

«እንኳን በሰላም ገባህ ጋሼ» አለኝ አህያዋን ትንሽ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ። «ወጌሻዋ አለች? ተራህ ደርሷል ብላኝ ነበር።»

በዚህ መሃል ባለቤቴ ከበረቱ ወጣች። ከስታለች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ እጇ በቅባት ወርዝቶ። አየችኝና ባለችበት ቆመች። ከዚያ ሮጣ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደፋች፤ ልብሴ እንዳይበላሽ ሁለት እጇን ወደ ጎን ዘርግታ፣ በግንባሯና በደረቷ ብቻ አቀፈችኝ። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ልጃችን ከበሩ ላይ አየችኝ፤ አላወቀችኝም፤ ሄዳ በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

ባለቤቴ ቀና ብላ ወጣቱን አየችው። «ግባ፣ አረፍ በል» አለችኝ። «ይህች አህያ ከሩቅ ነው የመጣችው፤ እሷን ልጨርስና መጣሁ።»

አራት ወር ተለያይተን እኔ ከአህያ ቀጥሎ ተራዬ ደረሰ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ የነገረችኝ እናቴ ናት። ከብቶቹን ከዝርፊያ ለማዳን ገደል ሥር ሲደብቋቸው ላሟ ድንጋይ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተቀጨ። መነሳት አቃታት። እናቴ ከላይ ሆና «የባልሽ አባት እጅ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» እያለች ስትናገር፣ ባለቤቴ ቁልቁል ወርዳ ላሟን ጧትና ማታ ታሽ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ላሟ ተነሳች። ከዚያ የጎረቤት ሴት ስትሸሽ ወድቃ ክንዷ ወለቀ። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ መድኃኒት ቤቱ ባዶውን ቀርቷል፤ ሐኪሞቹም እንደ እኔው ሸሽተዋል። ሴትየዋን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። «እኔን ፈልገው ነበር እኮ የመጡት» አልኳት እናቴን። «አንተማ ደሴ ነህ» አለችኝ፤ ሳትከፋብኝ፣ እንዲያው እውነቱን።

በማግስቱ ስትሠራ ተቀምጬ አየኋት። አንድ ግራ እግሩን የሚጎትት በሬ ነበር። እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ ታመመው እግር ነበር የምሄደው፤ አባቴም እንደዚያ ነበር። እሷ የጀመረችው ከቀኙ፣ ከደህናው ነው። እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። እያንሾካሾከች ታወራዋለች። በሬው ጆሮውን ጣል፣ ዓይኑን ገርበብ ሲያደርግ ነው በወገቡ በኩል ዞራ ወደ ታመመው የተሻገረችው። አልተራገጠም። አስሮ የያዘው ሰውም አልነበረም።

«ይህን ማን አሳየሽ?» አልኳት ሰዎቹ ሲሄዱ።

«የትኛውን?»

«ከደህናው መጀመሩን።»

«ማንም። ስትሠራ ቀንዳቸውን የምይዘው እኔ አልነበርኩ? የታመሙበትን ስትነካ ሲደነግጡ ዓይናቸውን አየው ነበር። መጀመሪያ እጅህን ቢያውቁት እል ነበር በሆዴ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። ለመውጋት አልነበረም ያለችው። እኔን ግን ወጋኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለእኔ መጥፎ ነበሩ። አጥሩ ላይ ሰው ሲጣራ ቀድሜ እወጣለሁ። «ወጌሻዋ አለች?» ይሉኛል። «እኔ አለሁ፤ ግቡ» ስል እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ጨዋ የሆኑት እኔ እንዳሻቸው ይፈቅዱና፣ በማግስቱ እኔ ማሳ ስወርድ ጠብቀው ለእሷ ይመለሳሉ። ጨዋ ያልሆኑት «አይ፣ ሴትዮዋን ነው» ብለው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ማን ማንን ብሎ እንደመጣ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሥራዬ የተጣመመ ማቅናት ነው፤ እኔ ግን ቀናሁ። ያውም በገዛ ሚስቴ።

ቅናት እንዲህ በራሱ ስም አይመጣም። የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። የእኔው የዲን፣ የሃይማኖት ልብስ ለበሰ። ወንዶችንም ታሻለች፤ ትከሻ ላይም ሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ እጇን ታሳርፋለች። እናቴ ሁልጊዜ አጠገቧ እንደምትቀመጥ፣ በሽተኛው ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ በፎጣው ላይ እንደምትሠራ አውቃለሁ። ቢሆንም ለመስጊዳችን ሸህ ልነግራቸው ሄድኩ።

«ሸህዬ፣ ሴት ልጅ ባዕድ ወንድ ማሸቷ እንዴት ነው? ይፈቀዳል ወይ?» አልኳቸው።

ሸሁ አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፣ ወደ ግራም አዞሩ።

«ይህ አንገት መስከረም ላይ አይዞርም ነበር» አሉኝ። «ሶላት ጨርሼ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሳሰላምት አካላቴን ሁሉ ነበር የማዞረው። ሐኪም የለ፣ አንተ የለህ። ማን ያቀናው መሰለህ?»

«እሷ?» አልኩ።

«እናትህ እዚያ ተቀምጠው፣ ፎጣ ተጋርዶ፣ ቢስሚላህ ብላ ነው የሠራችው። ችግር በነበረበት ቀን የደረሰችን ሰው ዛሬ ሐራም ናት ልበልህ? እስኪ እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ የቆረቆረህ ዲኑ ነው ወይስ ሆድህ ነው?»

«ሆዴ ነው» አልኳቸው። ስለው ራሴ ደነገጥኩ።

«እንግዲያው ለሆድህ ዱዓ እናድርግ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓው መልካም ነበር። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ፣ እሳቸውንም ወስዳብኛለች እያልኩ ነበር የምሄደው።

የበልግ እርሻ ሲደርስ ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት። ባለቤቴ ግራና ገበያ ወርዳ ነበር። ከግራና በኩል አንዲት ባልቴት በሬ እየሳቡ መጡ። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ በጦርነቱ ታርዶባቸዋል። የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምረው ሊያሳርሱ ሲሉ እርከን ላይ ተንሸራቶ የፊት እግሩን ማንከስ ጀምሯል።

«ወጌሻዋ አለች የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«እሷ ከብት ማሸት ትታለች» አልኳቸው።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለስም እችል ነበር፤ አልመለስኩትም።

«ውይ! ምነው?»

«ደክሟታል። አይጨነቁ፣ ሥራው የአባቴ ነው፤ እኔ አየዋለሁ።»

አመኑኝ። ሁለት ጎረቤቶች ጠራሁና በሬውን በገመድ ጣልነው። ረጋ ብዬ በእጄ ብፈልግ ጅማቱ መኮማተሩን ባገኘሁት ነበር፤ ሦስትና አራት ቀን ሞቅ ባለ ዘይት ቢፍታታ የሚድን ነገር ነው። እኔ ግን ባለቤቴ ከገበያ ሳትመለስ በሬው ቆሞ እንዲሄድ ፈለግሁ። ባልቴቷ ለአገር እንዲያወሩልኝ ፈለግሁ። ውልቃት ነው ብዬ ፈረድኩና እግሩን ይዤ በኃይሌ ሁሉ ሳብኩት። አንድ ነገር ጠቅ ሲል በመዳፌ ተሰማኝ። በሬው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ስንፈታው ለብዙ ጊዜ አልነሳም አለ። ሲነሳም ያን እግሩን መሬት አላስነካም።

«ነገ ይሻለዋል» አልኳቸው። ባልቴቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሦስት እግሩ የሚሄድ በሬ እየሳቡ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ሄዱ።

ባለቤቴ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝታቸዋለች። ዘምቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆመች።

«ማሸት ትቻለሁ እንዴ?» አለችኝ።

ዘምቢሉን ላነሳላት ጎንበስ አልኩ።

«እኔ ነኝ እኮ የምጠይቅህ። ሴትዮዋ 'ምነው ተውሽው?' ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። መቼ ነው የተውኩት?»

«ቀንቼ ነው» አልኳት።

«በምን?»

«በአንቺ ነዋ! አጥሩ ላይ የሚጣራው ሁሉ አንቺን ነው። አባቴ ለእኔ ነው ያወረሰው። ለአንቺ አይደለም።»

እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ አንገቷን ደፋች። ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የዚያን ክረምት» አለችኝ፣ «እኔ ሥራህን የያዝኩት ፈልጌው ይመስልሃል? አንድ ሰው በር ላይ በመጣ ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር። ልገድለው ይሆን፣ ላሽመደምደው ይሆን እል ነበር። ባሌ ሲመጣ አስረክበዋለሁ ብዬ ቀን እቆጥር ነበር። መጣህ። ከዚያ ወዲህ ምን እንዳየህብኝ አላውቅም፤ ቀና ብለህ አታየኝም። ቢነግረኝ ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ግን ለእኔ መንገር ትተህ በሰው በሬ ተናገርከው።»

ይህን ብላ ዘይቱን በጠርሙስ ይዛ ወጣች። ወደ ግራና። እኔም ተከተልኳት።

የባልቴቷ ግቢ ስንደርስ እውነቱን ራሴ ተናገርኩ። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እሷ ሥራዋን አልተወችም። በሬዎን የጎዳሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ባልቴቷ እኔን ትተው ባለቤቴን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አላህ ይቅር ይበልህ» አሉኝ በኋላ። ባለቤቴ በሬውን በዳሰሰችው ጊዜ ፊቷን እያየሁ ነበር፤ የሆነውን ፊቷ ላይ አነበብኩት።

ያን በልግ በሬው አላረሰም። ባለቤቴ በየሁለት ቀኑ እየሄደች ታሸው ነበር። እኔ የራሴን በሬ ወስጄ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር አጣምሬ የባልቴቷን ማሳ አረስኩ፤ ከዚያም የራሴን ዘግይቼ ዘራሁ። ክረምት ሲገባ በሬው ቀንበር መሸከም ቻለ፤ ግን ዳገት ላይ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ባልቴቷ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። ከብት ግን አላመጡልኝም፤ አይፈረድባቸውም። ወሬውም እንደማይቀር አልቀረም። ለብዙ ወራት ወደ እኔ የሚመጣ ጠፋ። ባለቤቴ ግን የተሰበረ አጥንት ሲመጣ «ይሄ የእሱ ነው» እያለች ወደ እኔ ትልክ ነበር። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ደህና ዋሉ ብለው ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው ነሐሴ የባለቤቴ እህት ወልድያ ወለደችና ባለቤቴ ልትጠይቃት ሄደች። በሦስተኛው ቀን በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ስልኳ አይጠራም። ከወልድያ የሚመጡት ሚኒባሶች እስከ ጣራቸው ሰው ጭነዋል፤ ወደ ወልድያ የሚሄድ አንድም የለም። ልጃችንን ለእናቴ ትቼ በእግሬ ተነሳሁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ታች ይመጣል፤ እኔ ብቻ ወደ ላይ እሄዳለሁ። ፍራሽ የተሸከመውን፣ ፍየል የሚጎትተውን ሁሉ «እንዲህ ያለች ሴት አይታችኋል?» እላለሁ።

ሲሪንቃን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ አየኋት። መንገድ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጣ የአንዲት ሴት ባት ትፈታታለች። ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች እግራቸውን ዘርግተው ተራ ይጠብቃሉ። እዚያው አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«መጣህ?» አለችኝ። «ልጅቷስ?»

«ከእናቴ ጋር ናት፤ ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ትንሽ ስታርፍ ያችን በቅሎ እይልኝ፤ የኋላ እግሯን አላስቀምጥ ብላለች። ሰውየው ከቆቦ ጀምረው ነው የሚስቧት።»

ወደ በቅሎዋ ሄድኩ። የበቅሎዋ ባለቤት ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ቀስ ብዬ፣ ሳልቸኩል ሠራሁ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ቆየሁባት። በመጨረሻ በቅሎዋ ሰኮናዋን አሳረፈች፤ ከዚያ ክብደቷን ጣለችበት። ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቁ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ዋርካው በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ከእሷ ነው የተማርከው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሆዴ ውስጥ ያ ነገር ብድግ አለ። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ልጠራ አፌ ድረስ መጣብኝ።

«አብረን ነው የምንሠራው አባባ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ልጓሙን ይዘው ወደ እሷ ሄዱና ረጅሙን ምርቃት እሷን መረቋት፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ልጅ ይውጣልሽ፣ እርጅናሽን ያሳምርልሽ እያሉ። እኔ ራቅ ብዬ እጄን በአፈር እየፈተግሁ አሜን አልኩ። ያን አሜን ለማለት ትንሽ መታገል ነበረብኝ። ከዚያ የቀሩትን ሰዎች ለሁለት ተካፍለን አሸናቸው፤ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ መርሳ መሄድ ጀመርን።